በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት

ስሜ ትዕግስት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች በዚህ ስም ሲስቁ ኖረዋል፤ እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትስቁ አልቀየማችሁም። «ነገሩ በረድ ሲልልሽ ጻፊው» ብለው የመከሩኝ ነበሩ። ጠበቅኩ። ቁጣው ግን እንደ ዶሮ ወጥ አይደለም፤ ባቆዩት ቁጥር አይጣፍጥም። እንግዲህ እንዳለ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የቅዳሜ ጠዋት የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በሳምንቱ የወጡትን አዳዲስ ዘፈኖች አሰማለሁ፣ ከዚያ የመሰለኝን እናገራለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ማሽኑን ይቆጣጠራል፣ ከእኔም ጋር ይከራከራል። እሱ የሚያስጨፍረውን ይወዳል፤ እኔ ግጥም እፈልጋለሁ። አድማጩ ደግሞ ይደውልና ከሁለት አንዳችንን ይሰድባል። የአዘዞ ባጃጅ ሹፌሮች፣ የጠዳ ባለሱቆች፣ ከአይከል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁሉም በአዲስ ዘፈን ላይ አስተያየት አለው። ደስ የሚል ሥራ ነበር። እወደው ነበር።

የእኔ አስተያየት አይጣፍጥም ይባላል፤ እውነት ነው። የዘንድሮ ዘፈን አብዛኛው ከአንድ ጋን የተቀዳ ይመስለኛል። መጀመሪያ «ባህላዊ ነው» እንድንል ማሲንቆ ትንሽ ይመታል። ወዲያው ከበሮው ይወርድበትና ማሲንቆው የት እንደገባ አይታወቅም። ዘፋኙ ማንም እንዳይቀየመው የጎንደርን ልጅ፣ የጎጃምን ልጅ፣ የወሎን ልጅ በየተራ ይጠራል። ድምፁን ማሽን ስላስተካከለው ሳል ቢይዘው እንኳ የሚያስለው በቅኝት ነው። ይህን ሁሉ ብዬም ግን፣ ብዙው ለሬዲዮ ይሆናል። ለሬዲዮ የሚሆን ዘፈን ማለት ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ከመውረዱ በፊት ጆሮው ውስጥ ገብቶ አብሮት የሚወርድ ማለት ነው። እኛ «ይይዛል» እንላለን። ዘፈን ወይ ይይዛል፣ ወይ አይይዝም።

ያ ዘፈን ይይዝ ነበር። ስሙን አልጽፍላችሁም፤ የዘፋኙንም አልጽፍም። በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጁ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ድምፁም መጥፎ የሚባል አይደለም። ዘፈኑን ያነሳው ግን የእሱ ድምፅ አልነበረም። መሀል ላይ አንዲት ሴት ትመጣለች። «ተነስ! ተነስ! ተነስ!» ትላለች፤ ከበሮው እየተከተላት ይፈጥናል፤ ከዚያ «ሙ!» የምትል ተቆርጣ የቀረች ድምፅ ትሰማለች። በዚያች «ሙ!» ላይ ሰው ሁሉ ይዘላል። ከፒያሳ እስከ ማራኪ ከተማው በሷ ተያዘ። ተማሪዎች በትምህርት ቤት በር ላይ «ሙ!» እያሉ ይዘላሉ፤ በሠርግ ቤት ሙሽራውና ሚዜዎቹ «ሙ!» እያሉ ይዘላሉ። ምን ማለት እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም።

መጀመሪያ በፕሮግራማችን ያሰማነው ቀን እንዲህ አልኩ፦ «ይይዛል። ለሬዲዮ ይሆናል፤ ነገ ሁላችሁም ስታንጎራጉሩት አገኛችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ይቺ ሴት እየዘፈነች አይደለም። ከከበሮው ጋር አትሄድም፤ ጎትተው ነው ያስገቧት። ማናት ይቺ ሴት? ስሟስ ለምን አልተጻፈም?»

ስልኩ እሳት ሆነ። «ትዕግስት፣ አርጅተሻል!» «ቅናት ነው!» «ሰው ሲዝናና ምን አስለቀሰሽ?» የተናገርኩትን ቆርጠው በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቁት። ልጁም በገጹ ላይ «በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ሙዚቃ አዋቂ ነን ባዮች» ብሎ ጻፈብኝ። በዚያው ሰሞን ጎንደር ላይ ኮንሰርት ነበረው። የጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍቃዱ ይህችን ሲያይ እጁን አፋተገ። ልጁን በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት በቀጥታ ስርጭት ጋበዘው። ሳምንቱን ሙሉ «ትዕግስትና ዘፋኙ ፊት ለፊት!» እየተባለ እንደ ቡጢ ግጥሚያ ተለፈፈ። አለቃን «እሳቸው» ማለት ወጉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀጥሎ የሆነውን ስታዩ ግን አንደበቴ ለምን እንዳቃተው ይገባችኋል።

ቅዳሜ ጠዋት የጣቢያው በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ከሁለት ሰዎች ጋር ይሟገታል። አንዷ ጥቁር የለበሱ፣ ራሳቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ባላገር ሴት ናቸው። አጠገባቸው ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«አይገባም ብያለሁ እኮ፣ አባት!» ይላል ጥበቃው።

«እኛስ መች እንግባ አልን» አሉ ሽማግሌው። «የምትናገረዋን ልጅ ጥራልን ነው ያልን።»

«እንደምን አደራችሁ» አልኩ ላልፍ ስል። ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ድምፄን ሰምተው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ይቺ ናት» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው «በሬዲዮ የምትናገሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«‹ማናት ይቺ ሴት› ብለሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ» አሉ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ምን አሉኝ?»

«እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ አዘዞ ነው ያለ። ‹አንዲት ልጅ በሬዲዮ አንቺን ጠየቀች› ብሎ ላከብኝ። የጠየቀ ሰው አለ ስባል ጊዜ፣ መልስ ልሰጥ መጣሁ።»

በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስማቸው እትዬ የሺ ይባላል። ሽማግሌው ወንድማቸው አያ ታከለ ናቸው። ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ ሌሊቱን ተነስተው ነው የመጡት። እትዬ የሺ ሲናገሩ አያለቅሱም፣ አይቸኩሉም።

«አንድ ልጅ ነበረኝ። ክረምት ያርሳል፣ በጋ በጭነት ማኪና ረዳት ሆኖ አዲ አርቃይ ይመላለሳል። ሊማሊሞ ላይ ማኪናው ተገለበጠና ሞተብኝ። የቀብሩ ዕለት ጮህሁ፤ እናት አይደለሁ? ማን በስልኩ እንደቀዳኝ አላውቅም። ያን ዕለት እንኳን የቀዳኝን የወለድሁትንም አላየሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዳባት ጨው ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ልብስ የሚሸጡ ልጆች ሞንታርቦ አቁመው ያስጮሃሉ። ድምፄን ሰማሁት። ያ ቀን ተመልሶ የመጣ መሰለኝና ቁጭ አልሁ። ቀና ስል ልጆች ይዘላሉ። ‹ሙ! ሙ!› ይላሉ። ምነው ልጄ፣ ስሙን እንኳ ሙሉውን ቢጠሩት? ሙላት ነው ስሙ።»

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በቃል ልገልጸው አልችልም። የእኔ የእህት ልጆች በዚያች «ሙ!» ሶፋ ላይ ሲዘሉ ቪዲዮ አንስቻቸዋለሁ። ያቺ ፊደል የአንድ የሞተ ልጅ ስም መጀመሪያ ነበረች። ቀሪውን ከበሮው እንዲገባ ብለው ቆርጠው ጥለውታል።

«እትዬ፣ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ድምፄን ያውጣልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ክሰሺው ብያት ነበር፤ አሻፈረኝ አለች። ‹ልጁ ባያውቅ ነው፣ ሲያውቅ ይተወዋል› ትላለች።»

«የሰው ልጅ አይደል?» አሉ እትዬ የሺ። «አውቆማ አያደርገውም።»

«እዚሁ ይጠብቁኝ» ብዬ ገባሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አቶ ፍቃዱ አዲስ ኮት ለብሶ በኮሪደሩ ይንጎራደዳል። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ።

«ዛሬ ነው የሚመጡት?» አለ። «ሌላ ቀን ጠፍቶ?»

«ዛሬ ይግቡና ለልጁ ይንገሩት። እሺ ካለ እሱም ይከበራል፣ እኛም እንከበራለን።»

«ትዕግስት፣ የቆርቆሮ ፋብሪካው ይህን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረገው ሰው እንዲዝናና ነው። በቀጥታ ስርጭት ለቅሶ አላስገባም። ሻይ ይጠጡ፣ ከፕሮግራሙ በኋላ አነጋግራቸዋለሁ።»

«ለቅሶውንማ ካስገባነው ቆየን» አልኩት። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምናሰማው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። እንግዳው መጥቷል።»

ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባ። ጓደኞቹ ገና ከደረጃው ጀምረው በስልክ ይቀርጹታል። ጨዋ ነው፤ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ትዕግስትዬ፣ ዛሬ እንዳትገድይኝ» ብሎ ሳቀ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። አስቤው ነበር። ግን አቶ ፍቃዱ ከጎኑ አልተለየም። እኔም እንደ እትዬ የሺ፣ ምናልባት ይህ ልጅ አያውቅ ይሆናል እያልኩ ነበር። አቀናባሪው የሆነ ቦታ አግኝቶ አምጥቶለት ይሆናል። ከራሱ አፍ ልስማው አልኩ።

ቀዩ መብራት በራ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ኮንሰርቱ ተናገረ፤ ጎንደርን አወደሰ። ከዚያ «እስቲ ወደ ጸባችን እንምጣ» አልኩ። ዳዊት ከመስታወቱ ወዲያ ሳቀ።

«ባለፈው ያነሳሁትን ልድገመው። በዘፈንህ ውስጥ ያለችው ሴት ማናት?»

«ምርጥ ጥያቄ» አለ። «ባለሙያ ድምፃዊት ናት። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ነው ያልጠቀስነው።»

«ስቱዲዮ ገብታ ነው የተቀዳችው?»

«አዎ። እንዲያውም በጣም ደስ ብሏት ነው የሠራችው። ስንቀዳት ሁላችንም በሳቅ ስንፈርስ ነበር።»

አንድ ሰው ላያውቅ ይችላል። አያውቅም ብዬ ቆሜለት ነበር። እሱ ግን ማንም ሳይጠይቀው በውሸቱ ላይ ሳቅ ጨመረበት።

«‹ሙ› ምን ማለት ናት?»

ሳቀ። «ምንም ማለት አይደለችም እኮ። ቫይብ ናት! ሰው እንዲዘል ነው።»

«ሙላት ማለት ናት» አልኩት።

«እ?»

«ሙላት። የሰው ስም ነው። ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦበት የሞተ የዳባት ልጅ ነው። ‹ተነስ› የምትለው እናቱ ናት፤ የምትለውም ለሬሳው ነው። ያቺ እናት አሁን ከዚህ ጣቢያ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሄጄ ላስገባት ነው፤ አንተም አድማጮችም ጠብቁኝ።»

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። አቶ ፍቃዱ ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጁን እያወናጨፈ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ ድምፁ አይሰማም። ደረጃውን ወረድኩ። ጥበቃው «ትዕዛዝ አለብኝ እኮ፣ ትዕግስት» ሲል «ትዕዛዙን ለእኔ ተወው» አልኩትና የእትዬ የሺን እጅ ያዝኩ። እጃቸው ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር። አያ ታከለ ከኋላ ተከተሉን።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ስርጭታችንን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ከበሮ ሰማሁ። አቶ ፍቃዱ ዳዊትን ገፍቶ በገዛ እጁ ዘፈኑን ከፍቶት ነው።

እትዬ የሺ ቆሙ። «ተነስ! ተነስ! ተነስ!» ይላል ግድግዳው በራሳቸው ድምፅ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «እንመለስ እትዬ?» አልኳቸው። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁና መራመድ ጀመሩ። የስቱዲዮውን በር ስከፍተው ልጁ እኛን አላየንም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን እየነካካ፣ ትከሻው ከምቱ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። «ሙ!» አለ ጓደኛው በቀስታ፣ በልማድ።

«አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ።

ዳዊት አቶ ፍቃዱን አየ። ከዚያ እትዬ የሺን አየ። እጁን ዘርግቶ ዘፈኑን አወረደውና ማይክሮፎኔን ከፈተልኝ። ዝምታ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ዝምታ በሬዲዮ አይፈቀድም።

እትዬ የሺን በወንበሬ አስቀመጥኳቸው። ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አንተ ነህ፣ ልጄ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ ማዘር።»

«ሸጋ ልጅ ነህ። እናት አለችህ?»

«አለች።»

«ዕድሜ ይስጣት። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ያን ዕለት ያልሁት እንዲህ ነበር።» እንደ ወሬ፣ ያለ ዜማ ተናገሩት፦

«ተነስ ሙላት ተነስ፣ መሸ እኮ ተነሳ፣
በሬህ ከደጅ ቆሞ አጥቶህ ሲያገሳ።»

«ብዬው አልተነሳም። አንተ ደግሞ በየቀኑ ተነስ ታሰኘኛለህ። በየገበያው ታስጮኸኛለህ። ድምፄን አውጣልኝ፣ ልጄ። ሌላ አልልህም። አልረግምህም፣ አልከስህም። አውጣልኝ ብቻ።»

ልጁ አቀረቀረ። ዓይኑ ውስጥ እንባ ያየሁ መሰለኝ፤ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ «እሺ» ቢል ኖሮ ሁሉንም እረሳለት ነበር። ግን ቀና ሲል ጓደኛው እየቀረጸው መሆኑን አየ። ጀርባውን ቀጥ አደረገ፤ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ።

«ማዘር፣ እኛ ይህን የሠራነው ባህላችንን ለማስተዋወቅ ነው። የእርስዎ ድምፅ ዛሬ ዓለም ላይ ደርሷል። ሊኮሩበት ይገባል።»

አያ ታከለ ከበሩ ላይ ሆነው «ምን አለ?» አሉ። «ኩሩ ነው ያለን?»

እኔ ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ጽሑፉን አይመጥነውም። ሌባ ብዬዋለሁ። ከለቅሶ ቤት የሚሰርቅ ሌባ በሀገራችን ሰው እንኳ አይባልም ብዬዋለሁ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በጓሮ በር ወጣ። አቶ ፍቃዱ ገብቶ «ስቱዲዮዬን ለቅሶ ቤት አደረግሽው!» ሲል ዳዊት አንገቱን ደፍቶ «ትዕግስት፣ አየር ላይ አይደለንም እኮ» አለኝ።

አቶ ፍቃዱ ስርጭቱን ከቆረጠው ቆይቷል። አድማጭ የሰማው እትዬ የሺ «እናት አለችህ?» እስካሉት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የቆርቆሮው ማስታወቂያ ነበር። «ድምፄን አውጣልኝ» ያሉት ከዚያ ክፍል አልወጣም። ከዳባት ሌሊቱን ተጉዘው የመጡት ለእኛ ለጥቂት ሰዎችና ለአንድ መስታወት ለመናገር ሆነ።

መናኸሪያ አደረስኳቸው። በመንገድ ላይ እትዬ የሺ «ልጁ እሺ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አነጋገሩ የከተማ ስለሆነባቸው በሚገባ አልሰሙትም ነበር። ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«አላለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ» አሉ።

የዳባት ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ሹፌሩ ያንኑ ዘፈን ከፍቶ መንገደኛ ይጠብቃል። መስኮቱን በጡጫ መታሁት። «ምነው እህቴ?» አለ ደንግጦ። በጆሮው ነገርኩት። ዞሮ በመስታወቱ አያቸው። ዘፈኑን አጥፍቶ ፍላሹን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወርዶ እትዬ የሺን ከኋላ ወንበር አስነስቶ ከጎኑ አስቀመጣቸው።

ያን ምሽት ኮንሰርቱ ተካሄደ። ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህ ለአንዲት ጎንደሬ እናት ክብር ይሁን!» አለና ዘፈኑን ጀመረው። ሕዝቡ ዘለለ። ቪዲዮው በማግሥቱ በየስልኩ ደረሰ። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ይበልጥ ተፈለገ፤ «እውነተኛ ለቅሶ አለበት» ተባለ። ልጠይቅላቸው የሄድኩት የሕግ ሰው ጉዳዩ ረጅም እንደሆነ ነገረኝ፤ እትዬ የሺም በአያ ታከለ በኩል «ተይው፣ ልጄ» ብለው ላኩብኝ። እኔም በሳምንቱ ከሥራ ተባረርኩ። «የእንግዳን ክብር በመንካት» ይላል ምክንያቱ። የእንግዳን! ሁለት እንግዶች ነበሩን ያን ቀን፤ የአንዷን ክብር ማን እንደነካው የሚጠይቅ አልነበረም።

አሁን አራዳ ገበያ ለሚነግዱ ሰዎች ማስታወቂያ በድምፄ እየቀዳሁ እተዳደራለሁ። «ሽንኩርት ወረደ፣ ጫማ በቅናሽ» የምትለዋን ሴት ሰምታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። ሰዎች እስካሁን ያስቆሙኝና «ትዕግስት፣ ይቺን አዲሷን እንዴት አየሻት? ትይዛለች?» ይሉኛል። ድሮ አፌ ላይ ነበር መልሱ። አሁን ዘፈን ስሰማ መጀመሪያ የምፈልገው በውስጡ ማን እንዳለ ነው። ማሲንቆው የማን ነው? የምታዜመው ባልቴት ስም አላት ወይ? እልል የሚለው ማን ነው፣ የት ሠርግ ላይ ነበር፣ ጠይቀውታል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ መልስ አላገኝም፤ ሰዎችም ይሰለቹኛል። ይሰልቹኝ።

እናንተን፣ የምታነቡኝን፣ ሳታውቁ ስለዘለላችሁ አልወቅሳችሁም። የእኔም የእህት ልጆች ዘለዋል። የምቆጣው ካወቁ በኋላ በዘለሉት ነው። በዚያ ምሽት ሜዳ ላይ የነበረው ሰው ጠዋት ሬዲዮ የሰማ ሰው ነው። «እናት አለችህ?» ሲሉት ሰምቷል። ሰምቶ ነው የዘለለው። ሌሎቹን ሁሉ፣ ልጁንም አለቃዬንም፣ ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ጥቅም አላቸው። የዚያ ሜዳ ሰው ግን ምን ጥቅም እንዳለው እስከ ዛሬ አስቤ አልደረስኩበትም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የሙላት ሙት ዓመት ሲደርስ ወደ ዳባት ሄድኩ። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ክብ ሠርተው እናቲቱ እስኪጀምሩ ይጠብቃሉ። እትዬ የሺ መሀል ገብተው ቆሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

አጠገባቸው ተንበረከክኩ። «ምነው እትዬ?»

«ልጠራው ስል ከበሮው ይመጣብኛል» አሉኝ። «ቃሉን ወሰዱብኝ እኮ፣ ልጄ።»

በአጠገባችን ያሉ ሴቶች ሰሙ። አንዷ ጎረቤታቸው ተነስተው በእሳቸው ፈንታ ጀመሩ፤ በሌላ ግጥም፣ በሌላ ቃል። ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ አለቀሱ። ማንም ተማክሮ አይደለም፣ ግን ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ በዚያ ግቢ ውስጥ «ተነስ» የሚል ቃል አልተሰማም። አያ ታከለ እንግዳውን ወደ ማዕድ ሲያስነሱ እንኳ አይጣሩም ነበር፤ በየሰዉ ፊት እየቆሙ ትከሻውን ነካ ያደርጉታል።